ሲበስል ወይስ ሳይበስል

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከዚህ ሲነሣ አንድ ነው፤ እናንተ ቤት ሲደርስ ግን ለስንት ሰው እንደሚካፈል ስለማውቅ አብዝቼ ልኬዋለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዕቃ ተሸክመሽ ደረጃ መውጣቱን ተውሽ ወይስ አሁንም እንደ ልማድሽ ነሽ? እማዬ የዓይኗን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጋለች? የትንሿ የፊት ጥርስ በቀለ? ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደኅና ነኝ። ሥራም ደኅና ነው፤ አሁንም እዚያው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እተኩሳለሁ፤ በቀን ሁለት መቶ ያህል። ደኅና ያልሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን እናንተ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ የምለውን ሁሉ እማዬም ጎረቤትም ይሰማዋል። ይህ ደግሞ በአንቺና በእኔ መካከል እንዲቀር የምፈልገው ነው። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ባለፈው ቅዳሜና እሑድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ በባቡር ሄደን አንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ አሳለፍን። ሕንፃ ለማየት አልነበረም፤ ለመብላት ብቻ ነው የሄድነው። አንዷ አብራኝ የምትተኩሰው ናት፤ የትም ስንሄድ ወረቀት ላይ መንገዱን ስለምትስል «ካርታዋ» እንላታለን። ሌላዋ እዚያው ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ሁለቱም እሑድ እሑድ እኔ ክፍል እየመጡ የቦሎቄ ሾርባ ይበላሉ፤ አንቺ የዛሬ ስድስት ዓመት አሠራሩን በደብዳቤ የላክሽልኝን ሾርባ። ይበሉታል፤ ግን እያሾፉ ነው የሚበሉት። ነርሷ «ይሄ እኮ ለድድ ጥሩ ነው፤ ጥርስ ያሠራል» ትላለች። ካርታዋ ደግሞ ሳህኑን በማንኪያ እያንኳኳች «ጠጠሩ መጣ!» ትላለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን አንዴ በምድጃው፣ አንዴ በውኃው፣ አንዴ በዚህ አገር ቦሎቄ እያላከክኩ ኖሬአለሁ።

ካርታዋ የምንበላባቸውን ቤቶች ሁሉ በእርሳስ ስላ ነበር፤ ዳቦ ቤቱን፣ ዓሣ ቤቱን፣ ኬክ ቤቱን፣ በመካከላቸው ቀስት እያሰመረች። «ሆዳችን ሰባት ቀጠሮ አለው፤ አንዱም አይሰረዝም» ብላ አስጠነቀቀችን። ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ቤት ደጃፍ ተሰልፈን ትኩሱን እየቆረስን ቆመን በላን። ቀትር ላይ ወንዝ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ቀረበልን፤ ነርሷ አጥንቱን እንደ ቀዶ ሐኪም አንድ በአንድ ስታወጣ አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ምግባቸውን ትተው ያይዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ኬክ ቤት ገባን፤ ካርታዋ የእኔን ቁራጭ ጫፍ ጫፉን እየቆነጠረች «ለምርመራ ነው» እያለች ጨረሰችብኝ። እስከዚህ ድረስ ደስተኛ ነበርኩ።

የመጨረሻው ቀጠሯችን እሑድ ቀትር ላይ፣ ልብስ ሰፊዎች ከተደረደሩበት መንገድ ጀርባ ያለ ስምንት ጠረጴዛ ብቻ የያዘ ምግብ ቤት ነበር። የምግቡ ዝርዝር በር ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ካርታዋ ማንንም ሳታማክር ሦስት የቦሎቄ ሾርባ አዘዘች። መጣ። አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። እታለም፣ አንቺን ቀመስኩሽ። ቦሎቄው ምላስ ላይ ይፈርሳል፣ ቲማቲሙ ለብቻው ይታወቃል፣ ሽንኩርቱ ጣፍጧል። የእማዬን ማድ ቤት አየሁት፤ አንቺ ሰማያዊ ሽርጥሽን አገልድመሽ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለሻል፣ እኔ እንደ ሁልጊዜው ሳህን አጥባለሁ። እንባዬ ሊመጣ ነበር።

ካርታዋ ቀደመችኝ፤ ዓይኗን ጨፍና «ኧረ እጇ ይባረክ! እጅ ማለት ይሄ ነው» አለች። ነርሷም ወደ እኔ ዞር ብላ «አየሽ፣ ይህቺ ያንቺ ሾርባ ታላቅ እህት ናት» አለችኝና ሁለቱም ሳቁ። እኔም ጥርሴን አሳየኋቸው። ነርሷ አንቺን አታውቅሽም፤ ቀልዷን ነው። ግን ካለው ቃል ሁሉ መርጣ «ታላቅ እህት» አለች። ስደውል እማዬን ምን በላችሁ ስላት «የታላቅሽን እጅ» ነው የምትለኝ። ልብስ ስልክላት «እግዜር ይስጥሽ» ትልና ወዲያው ወሬውን ወደ አንቺ ድስት ትመልሰዋለች። እኔን እጅ አላት ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ አልዋሽሽም፤ በዚያች ሾርባውን በሠራችው ሴት ቀናሁ፤ ከእሷም ይልቅ በአንቺ ቀናሁ።

እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሣሁና ማድ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሴትዮዋ ወፈር ያለች፣ መነጽሯ በእንፋሎት የደበዘዘ ናት። ሾርባሽ እንዲህ የሚለሰልሰው በምንድን ነው አልኳት። «አንቺ እንዴት ነው የምትሠሪው?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ቲማቲሙ ይገባል፣ ከዚያ ቦሎቄው አብሮ ይቀቀላል። ማማሰያዋን አስቀመጠች። ቲማቲም ቦሎቄው ሳይበስል ከገባ ልጣጩን ያደርቀዋል፣ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ እሺ አይልም፣ ቲማቲም የሚገባው ሲበስል ነው አለችኝ። ከዚያ እየሳቀች «ኧረ ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ የጠላሽ?» አለችኝ።

እሷም ቀልዷን ነው። እኔ ግን ወደ ጠረጴዛው ስመለስ ማንኪያዬን መልሼ አላነሣሁትም። የተረፈኝን ሾርባ ካርታዋ ጠረገችው።

ባቡር ውስጥ ካርታዋ ወረቀቷን አውጥታ፣ የእርሳሷን ጫፍ ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ፣ «ማድ ቤት ገብተሽ ምን አለችሽ? ንገሪኝ ልጻፈው» አለችኝ። በሚመጣው ሳምንት የእጮኛዋ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይዋት ይመጣሉ። «አማቴን የምይዛቸው በዚህ ሾርባ ነው» አለች። አማቷ ማንኪያውን አስቀምጠው እጅሽ ይባረክ ሲሏት ታየኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ቃል ይህ ነው፤ «ቲማቲሙን ቦሎቄው ሳይበስል ጨምሪው።» አልተደናቀፍኩም። ዓይኔንም አልሰበርኩም። እሷም ጻፈችው፤ «ሳይበስል» የሚለውን ከሥሩ አሰመረችበት።

እቤት እንደገባሁ ሻንጣዬን ሳልፈታ ደብዳቤሽን ከመሳቢያ አወጣሁት። «ሽንኩርቱን አቁላዪ፤ ቲማቲሙን ቦሎቄው ሳይበስል ጨምሪ» ይላል። የእጅ ጽሑፍሽ እንደ ታይፕ ነው። «ሲ» ልትዪ አስበሽ «ሳይ» ብለሽ ይሆን? ወይስ «ሳይ» ማለትሽ ነበር? ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት፤ ስርዝ የለበትም፣ ድልዝ የለበትም። የጻፍሽው እኔ በሄድኩ በሦስተኛው ወር ነው። ለዚህ አገር ሥራ ሁለታችንም አመልክተን የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። እማዬን ማን ይጠብቃት ሲባል ሁሉም አንቺን አየ፤ አንቺም ልብሴን እያጠፍሽ ሻንጣዬ ውስጥ ደረደርሽልኝ። መንገዱን እኔ ወሰድኩት። ላንቺ የቀረሽ እጅሽ ነበር፤ እሱንም በደብዳቤ ላኪልኝ አልኩሽ። ይህን እስከ እሑድ ድረስ አስቤው አላውቅም።

ሰኞ ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ቦሎቄ ጣድኩ። ጠበቅኩ። በጣቴ ጫን ስለው ፈረሰ፤ ቲማቲሙን ያን ጊዜ ጨመርኩ። ምድጃው ያው፣ ውኃው ያው፣ ቦሎቄውም ያው ነው። ማንንም ሳልጠራ ቆሜ ሁለት ሳህን በላሁ። ቁርጥ ያንቺው ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ስድስት ዓመት የበላሁትን ጠጠር አሰብኩና እንደገና እርር አልኩ።

ከዚያ ሳህኑን አጠብኩና ለካርታዋ ደወልኩላት። «ሳይበስል ብዬሽ ነበር፤ ሲበስል ነው፤ አፌን አዳልጦኝ ነው» አልኳት። «አንቺ ደግሞ! አማቴ ፊት ጠጠር ልታስቀርቢኝ!» ብላ ሳቀችብኝ፤ ወረቀቷን አምጥታም አስተካከለችው። አፌን እንዳዳለጠኝ አመነችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። እታለም፣ አንቺም ሌላ ነገር አትጻፊልኝ። «እጄን አዳልጦኝ ነው» በይኝ። አምንሻለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የታላቄ እጅ ደርሶኛል፣ መንገድ ላይ ዘግይቶ ነው በያት፤ አይገባትም፣ ግን ደስ ይላታል። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለሳሉ መድኃኒቱን ይጨርስ እንጂ በግማሽ አይተወው። ትልቁ በትምህርቱ እንዲበረታ፣ ትንሿ አዲሱን ጥርሷን ከረሜላ እንዳትመግበው ንገሪልኝ። የግድግዳ ጎረቤታችንን ባልቴትም እንዳትረሺያቸው፤ በስልኩ ሳይሰሙኝ ሲቀሩ ይቀየሙኛል። ትናፍቂኛለሽ፤ እቀናብሻለሁም፤ የቱ እንደሚበልጥ አትጠይቂኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ በሚመጣው እሑድ እነካርታዋ መጥተው እጅሽ ይባረክ ካሉኝ፣ አሜን ብዬ ዝም ነው የምለው። የእህቴ እጅ ነው አልላቸውም።

ታናሽሽ

ከክፍሌ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን