ቀሚሷን የያዘችው ተማሪ

ይድረስ ለልጄ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፣ ያገኘሽው ሰው ሁሉ ዘመድ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ተጠግኖ ማፍሰሱን ትቷል።

«ሕፃን ይዤ ሰው አገር በነፃ ላስተምር ነው» ስትዪኝ ማኩረፌን እንዳታነሺብኝ! የላክሽውን ቪዲዮ ሳይ በእልልታ ጎረቤቱን ሰበሰብኩት። ቀሚሴን ካልያዘች ደጅ የማትወጣው የልጅ ልጄ አንቺ የምታስተምሪበት ክፍል መሃል ቆማ ስትዘፍን! ደግሞ አንዲት ትንሽ ተማሪ የእሷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛለች። አባትሽማ «ድገሚው፣ ድገሚው» እያለ የስልኬን ባትሪ ጨረሰው።

አደራሽን፣ ሲበርድ ሹራብ ደርቢላት። የዚያችንም ልጅ ቁመት ለክተሽ ላኪልኝ። የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀብቼ ተቀምጫለሁ፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቀሚስ እሰፋለሁ። የልጃችንን ግን ጠርዙን በድርብ ክር አጠብቀዋለሁ፤ ከእንግዲህ የሚያዘው የእሷ ነውና።

ፈጣሪ እናንተንም አጥብቆ ይያዝልኝ።

እናትሽ