ጭቃ ውስጥ የተገኘው ካሜራ

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። የስፌት መኪናዬ መርፌ ዛሬም ተሰበረ... ታናሽ ወንድሜ በጠዋት መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ወደ ተራራው ፓርክ፣ ባለፈው ወር ወደተቃጠለው። ያንን አሮጌ የፊልም ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። «በስልክህ አታነሳም እንዴ?» ስለው «እትዬ፣ ስልክ አመድ አያውቅም» አለኝ። የከሰለ እንጨት ሊያይ ያን ሁሉ መንገድ! የለየለት እብድ። እሁድ እመለሳለሁ ብሏል።

ሚያዝያ 7፣ ሰኞ

አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ቅዳሜ ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ጥሏል አሉ... ለእማዬ «ኔትወርክ የለም እዚያ» አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እሷን ማን አታሎ ያውቃል?

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ

ፓርኩ ደረስኩ። ይሄን ነው ሊያነሳ የመጣው? ቅጠል የሚባል የለም። ዛፉ ሁሉ እንደቆመ ከስሏል። ዝናቡ አመዱን ከሦስቱም ሸለቆ ጠራርጎ ወንዙ ውስጥ ከቶታል። ወንድሜ የቱ ሸለቆ እንደገባ የሚያውቅ የለም። የፓርኩ ጥበቃዎች መንገዱ ስለሚሻል በግራው እየፈለጉ ነው። ኃላፊያቸው «እስከ ዓርብ እንፈልጋለን» አለኝ። እስከ ዓርብ! ከዚያስ? ወንድም የለውም ይሄ ሰውዬ?

ሚያዝያ 10፣ ሐሙስ

ካሜራው ተገኘ! ወንዙ ዳር፣ ጭቃ ውስጥ፣ ከነማህደሩ። ጎርፉ ከየትኛው ሸለቆ እንዳመጣው ግን... ፎቶዎቹ ይነግሩናል ብዬ እየሮጥኩ ስደርስ ያገኘው ጥበቃ የካሜራውን ጀርባ በርግዶ ከፍቶታል። በጠራራ ፀሐይ!

«ምስሉን ላሳይሽ ብዬ ነው፣ እህቴ... እንደ ስልክ መስሎኝ...»

ፊልም ብርሃን ካየ አለቀለት። ይሄን እኔ እንኳ አውቃለሁ፤ ወንድሜ ስንቴ ጮሆብኛል። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ሰደብኩት። ቆሞ አለቀሰ። ያኔ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። በክፋት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

ሚያዝያ 11፣ ዓርብ

ጥበቃው ራሱ በሞተሩ ከተማ ወሰደኝ። ፎቶ ቤት ያሉት ሽማግሌ ጨለማ ክፍል ገብተው ፊልሙን አጠቡልኝ። «ልጄ፣ መጨረሻ የተነሱት ከላይ የተጠመጠሙት ናቸው፤ እነሱን ብርሃን በልቷቸዋል። ከሥር ያሉት ተርፈዋል» አሉኝ። እኔ የምፈልገው መጨረሻዎቹን ነው እኮ!

አትመው ሰጡን። ጥቁር ዛፍ... ጥቁር ዛፍ... ጥቁር ዛፍ... ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ፎቶዎቹን ልወረውራቸው ነበር። ጥበቃው እጄን ያዘኝ። ከአንዱ ፎቶ ጥግ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ አለ።

«ይሄ ቀኙ ሸለቆ ነው» አለኝ፣ ድንጋዩን በጣቱ እያሳየኝ። «እኛ ግራውን ነው ስናስስ የከረምነው።»

ተመልሰን ስንነግረው ኃላፊው የፍለጋው ቀን አልቋል አለ። ጥበቃው «ነገ እረፍቴ ነው፣ እገባለሁ» አለው።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

ቀኙ ሸለቆ ውስጥ የወንድሜን ስም ስጠራ ዋልኩ። ድምፄ ተዘጋ። የወደቀ ዛፍ በወደቀ ዛፍ ላይ... በሕይወት ስጠኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። እግሩ ተሰብሮም ቢሆን። እባክህ።

ሚያዝያ 13፣ እሁድ

አገኘነው።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

ትናንት ቀበርነው። ሥሩ የተቃጠለ ዛፍ ነው የወደቀበት። ወዲያው ነው ያለፈው ይሉኛል... ሰው ሲያጽናና የሚለውን አጥቼው ነው? ግን አመንኳቸው። ካላመንኩ እንዴት እተኛለሁ?

ጥበቃው ለቅሶ መጥቶ በር ላይ ተገትሮ ቀረ። መግባት ፈርቶ። እማዬ «ማነው?» አለችኝ። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ ምን እንደምል እየጠበቀ።

«ልጅሽን ያገኘልሽ ነው» አልኳት።

አጠገቧ አስቀመጠችው። እጁን ይዛ እስኪመሽ አልለቀቀችውም።

ቅዳሜ በሕይወት ስጠኝ እያልኩ ስጮህ ነበር። ዛሬ መቃብር ስላለው ተመስገን አልኩ። እኔ፣ በገዛ አፌ... ይሄም ተመስገን ይባላል?