ብናለቅስም እንዳይሰጡን

ይድረስ ለማትጠገቢው እናቴ፣ ለእማዬ፦

እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽን ብርዱ ተወት አደረገልሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቃስትሻል? ዓይንሽስ? አዲሱ መነጽር ተስማማሽ? እንቅልፍሽስ? በሩ መቆለፉን ለማየት እየተነሳሽ መንከራተቱን ተውሽው ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከአንቺ ናፍቆትና ከበዓል ወጪ በቀር የሚያመን ነገር የለም። ሚጢጢም ደህና ናት፤ አፏን ከፈታች ወዲህ ማን ያስቆማታል!

እማዬ፣ ዛሬ ስፌቴን ጥዬ ነው የምጽፍልሽ። ደግ ነገር ነውና አትደንግጪ። ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኩሽ አይጥመኝም፤ ጠባዬን ታውቂዋለሽ።

በየዓመቱ ለበዓል አመጣሻለሁ እያልኩ ቃሌን ሳጥፍ አንድም ቀን ክፉ አልተናገርሽኝም። እኔን ግን ይቆረቁረኛል። በቀደም አንዲት ጎረቤት ሚጢጢን አያትሽ የት ናት ብላ ብትጠይቃት፣ በጣቷ ፎቶሽን እያሳየች ግድግዳ ላይ ነው የምትኖረው አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። የልጅ ልጅሽ የምታውቅሽ ከነፍሬምሽ ነው።

ገቢ አንሶን አይደለም እኮ። በዓል ሲደርስ ለእኔ ስፌቱ፣ ለባለቤቴ ደግሞ ቀለም ቅቡ ይበዛልናል። ግን ልባችን የሚሸፍተውም ያኔው ነው። እኔ የሰው መጋረጃ ስሰፋ ውዬ የራሴን ሳየው ያስጠላኛል፤ እሱ የሰው ሳሎን አሳምሮ ሲመለስ የኛ ግድግዳ ቡግር ያወጣ ይመስለዋል። ከዚያማ ብርጭቆው፣ ምንጣፉ፣ የሶፋ ልብሱ ሲባል በዓሉ ያልፋል፣ ኪሳችን ይራገፋል፣ አንቺም እዚያው ትቀሪያለሽ።

ዘንድሮ ግን መላ ዘየድን። ከክፍላችን ሥር ሱቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እጃቸው የገባ ሳንቲም ስለማይወጣ ሰፈሩ ጋሽ ካዝና ይላቸዋል። ያጠራቀምነውን ይዘን ሄድንና፣ ይህ የእናቴ መምጫ ነው፣ በአደራ ያስቀምጡልን፣ ከበዓሉ ማግስት በፊት እንዳይሰጡን፣ ብናለቅስም እንኳ እንዳይሰጡን አልናቸው። ትክ ብለው አዩንና አደራ ከባድ ነው ብለው ተቀበሉን።

ወሩ ገባ፤ እኛም ሸፈትን። ገበያ ወጥቼ አንድ ወይን ጠጅ የመጋረጃ ጨርቅ አየሁ። ኧረ አወራረዱን ብታይው እማዬ! በቀጥታ ጋሽ ካዝና ዘንድ ሄጄ፣ የስፌት መኪናዬ ተሰብሮ ሥራ ፈትቻለሁና ለማሠሪያ ጥቂት ይስጡኝ አልኩ። እሳቸውም ወደ ጣሪያቸው ቀና ብለው፣ ታዲያ ከማለዳ ጀምሮ አናቴ ላይ የሚንጣጣው የማን መኪና ነው ብለው ጠየቁኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ክብሪት ገዝቼ ወጣሁ።

እኔ ይህን ከባለቤቴ ደብቄ፣ ለካ እሱም ሄዶ ኖሯል! ጥርሴን ልነቀል ነው ብሎ ጉንጩን ይዞ ሲማጸናቸው፣ ያንኑ ጉንጩን በኦቾሎኒ ሞልቶት ነበር አሉ። የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። እየሳቁ እንዳይመስልሽ፤ ጋሽ ካዝና አይስቁም።

አሁን ጉዱን ስሚ። ዛሬ ጠዋት አንዲት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። እናቴ ከበዓል በኋላ ትመጣለች ብላት ክው አለች። ከበዓል በኋላ ያለው ወንበር ሁሉ ተሽጦ አልቋል፣ የቀረው የዋዜማው ጥቂት ቦታ ነው፣ እሱም ከዛሬ አያልፍም አለችኝ። በከንፈሬ የያዝኩት ስፒል ወደቀ።

ባለቤቴን ጠርቼ ወደ ጋሽ ካዝና በረርን። እውነቱን ነገርናቸው፤ ግን ማን ይመነን! ያን ለት መኪና፣ ያን ለት ጥርስ፣ ዛሬ ደግሞ ትኬት መጣ አሉ። ማልን፣ ተገዘትን፤ እምቢ! በመጨረሻ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ የእውነት እንባ፣ እማዬ፣ መልክሽ ፊቴ ላይ ድቅን ብሎብኝ። እሳቸው በእርጋታ፣ ብናለቅስም እንዳይሰጡን ያላችሁኝ እናንተው አይደላችሁም ወይ አሉኝ። በገዛ አፌ ታሰርኩ! ዘንድሮም ቀረሽብኝ ብዬ ደረጃው ላይ ዘጭ አልኩ።

ከዚያ የሆነውን በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ጋሽ ካዝና ኮታቸውን ደርበው ወጡና ሱቃቸውን ቆለፉት። በዚህ የበዓል ግርግር፣ ገዢ ተሰልፎ እያለ! ሰፈሩ መርዶ የመጣባቸው መስሎት ተደናገጠ። ብሩን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው እሳቸው ከፊት፣ እኛ እንደተያዘ ሌባ ከኋላ፣ ትኬት ቢሮው ድረስ በእግራችን ሄድን። በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ራሳቸው ከፈሉ። የተሳፋሪዋ ስም ማን ነው ሲባል እኔ እንባዬን ስጠርግ ስምሽን የተናገረው ባለቤቴ ነው።

ትኬቱን ልንካው ብልስ መች ሰጡኝ! ትኬት ተመልሶ ብር ይሆናል፣ እናንተን አላምንም አሉ። ይኸውልሽ አሁንም ጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጠው እስክጨርስ እየጠበቁኝ ነው። ራሳቸው ያሽጉታል፣ ራሳቸው ፖስታ ቤት ያደርሱታል። አዎ እማዬ፣ ፖስታውን ስትከፍቺ ጉልበትሽ ላይ የወደቀው ትኬት የአንቺ ነው! እልል በይልኝ!

ለበዓሉ ሥጋና የሚጢጢን ጫማ ብቻ ልንገዛ ወስነን ሌላውን ዘግተነዋል። መጋረጃው ያው አሮጌው ነው፣ ግድግዳውም እንደተላላጠ ነው፤ እንዳትታዘቢን። መንገድ ላይ ነፋስ እንዳይመታሽ ወፍራም ነገር ደርቢ፤ መስኮት አጠገብ አትቀመጪ።

ወንድሜን ጋሼን ሳሚልኝ፤ መናኸሪያ ድረስ ይዞሽ ሄዶ ወንበርሽ ላይ ሳያስቀምጥሽ እንዳይመለስ ንገሪው። ለሚስቱ የቀሚሷን ጨርቅ እንዳልረሳሁት፣ አንቺ ስትመለሺ ተሰፍቶ እንደሚደርሳት ንገሪልኝ። ልጆቹን ጉንጫቸውን እያገላበጥሽ ሳሚልኝ። አክስቴን ብቻዋን ቀረሁ ብላ እንዳታኮርፍ አባብያት፤ የሚቀጥለው ተራ የሷ ነው። ባለቤቴ ጉልበትሽን ስሟል፤ ሚጢጢ ደግሞ ግድግዳው ሥር ወንበር አስጠግታ ይህንኑ ወሬ ለፎቶሽ እየነገረችው ነው።

ጋሽ ካዝናም ሰላም በይልኝ ብለዋል። በዋዜማው ሱቃቸውን ዳግም ቆልፈው ከኛ ጋር መናኸሪያ ሊመጡ ነው። ለምን ይደክማሉ ብላቸው፣ እኔ አደራ የተቀበልኩት ብር አይደለም፣ እናትሽን ነው፤ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሳላያት አደራዬን አስረክቤያለሁ አልልም አሉኝ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ

ከስፌት ክፍሌ፣ ከሱቁ በላይ
የበዓሉ ወር በገባ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ