ቀይ ቀለም በአሥራ አንድ አጥር ላይ

ሰኞ

ስልሳ ሦስት የሯጭ ቁጥር ሰፋሁ። ሁለት መቶ ሰው ይመጣል ያለው ሰይድ ነው፣ መርፌ የያዝኩት ግን እኔ። ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ጠርዙን እዘመዝማለሁ፣ ወደሚቀጥለው። ደንበኞች የልጆቻቸው ሱሪ የት እንደደረሰ ሲጠይቁኝ "ነገ" እላለሁ። የትኛው ነገ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ይህንንም የምጽፈው በልኬት ደብተሬ ጀርባ ላይ ነው።

ስድስት ቀን ቀረን። እሑድ ጠዋት፣ አምስት ኪሎ ሜትር፣ የፈለገ ይሮጣል፣ የፈለገ ይራመዳል፣ ሁሉም በነጻ። ያሰብነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ የስፖርት መምህሩ ሰይድና መሠረት። መሠረት አብሮ አደጌ ናት። አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች። ከቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ሠላሳውን በሚኒባስ ይዤ እመጣለሁ ብላለች፣ ግን አምልኳቸው አራት ሰዓት ላይ ስለሆነ በጊዜ ካልለቀቅናቸው ፓስተሩ አይለቀኝም ትላለች።

ሰው ለምን እንደምንሮጥ ሲጠይቀኝ "ለጤና" እላለሁ። ለማን ጤና እንደሆነ የምታውቀው መሠረት ብቻ ናት። ባሌ ሙሄ ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ዓመት ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው። አምና ስትሮክ መታው። ተረፈልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ግራ እግሩ ግን ይጎተታል። ሐኪሙ በየቀኑ ካልተራመድክ እንዲሁ ይቀራል ብሎታል። እሱ ደግሞ ከግቢው በር አይወጣም። ስምንት ወሩ። እግሩን ሲጎትት ሰው እንዲያየው አይፈልግም። ሁለት መቶ ሰው በሚሄድበት መንገድ የአንዱን ሰው እግር ማን ልብ ይለዋል ብዬ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ያመጣሁት።

ማክሰኞ

የቀበሌው ደብዳቤ ማኅተም ተመታበት። ሦስት ቀን ያመላለሰኝ ሰውዬ ዛሬ ራሱ ወንበር ስቦልኝ "እኔም ልመዝገብ" አለ። ቁጥር ሰባን ሰጠሁት።

የሚቀረን፦
ውሃ።
ፊሽካ።
መታጠፊያዎቹን የሚያሳይ ምልክት።
ሙሄ።

ለሙሄ ምሳ ሳቀርብ እንደ ዘበት "እሑድ ሰፈሩ በሙሉ ይራመዳል አሉ" አልኩት። "ይራመዱ" አለ። ቀጥዬ ለሚራመደው ሰው ቁጥር እየሰፋሁ እንደሆነ ነገርኩት። "እጅሽን አትውጊ" አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግድግዳውን ስጠላው።

ረቡዕ

ምልክቱ አለቀ። ሰይድ ትምህርት ቤታቸው የግብ ቋሚ ሲቀባ የተረፈ ቀይ ቀለም ነበረው። ጎህ ሲቀድ ወጣን፣ ሰው ሳይበዛብን እንጨርስ ብለን። ጉሙ ከባድ ነበር፣ አሥር እርምጃ ላይ ያለ ሰው አይታይም። መታጠፊያው ላይ ድንጋይ ካለ ድንጋዩ ላይ፣ ከሌለ አጥሩ ላይ ቀስት ሳልን። አሥራ አንድ አጥር። አንዱ ጋ ስንደርስ "የቤቱን ሰው ብናስፈቅድ አይሻልም?" ብዬው ነበር። "ለአንዲት ቀስት ብለን ሰው ከእንቅልፉ ልንቀሰቅስ ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ብሩሹን ነከርኩ።

ሥራ ከመግባቴ በፊት ዞሬ አየሁት። ያምራል። ከሩቅ ይታያል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሳካል ብዬ አመንኩ።

ሐሙስ

ያ ረቢ። ከየት ልጀምር።

ጠዋት ሱቅ ስከፍት ጎረቤቴ "ሰማሽ? የኛም ሰፈር ሊፈርስ ነው፣ ትናንት ሳይነጋ ቀለም ቀብተውት ሄደዋል" አለችኝ። በከተማችን መንገድ ማስፋት ከተጀመረ ወዲህ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ካዩ ቤት ይፈርሳል ማለት ነው። ይህን ደሴ የማያውቅ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። ሰይድም ያውቃል፣ የአክስቱ ቤት እንዲሁ ተቀብቶ ነው የፈረሰው። ግን ሩጫ ሩጫ ስንል ዓይናችን ታወረ። በዚያ ላይ ማንም ሳያየን በጉም ውስጥ ነው የቀባነው። ሌባም ከዚህ በላይ አይጠነቀቅም።

ቀበሌ ስደርስ ሰው የቤት ካርታውን በፌስታል ይዞ በሩን ሞልቶታል። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የባሰው ሐጂ እንድሪስ ናቸው። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፣ አጥራቸው ላይ ትልቁ ቀስት ነው ያለው። ቆርቆሮው ከሚበላሽብኝ ብለው ሌሊቱ ሳይነጋ የማድቤታቸውን ጣሪያ አስነቅለው ጨርሰዋል።

"እኛ ነን" አልኩ። አልተሰማም። ደግሜ ጮክ ብዬ "ቀለሙን የቀባነው እኛ ነን፣ ለሩጫ ነው" አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

ፈቃዱ ተነጠቀ። ቁጥር ሰባን የወሰደው ሰውዬ "ሽማግሌዎቹ ይቅር ብለናል ካላሉ ሩጫ የሚባል ነገር እንዳልሰማ" አለኝ። ሰይድ ስልኩን አጠፋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፣ እኔ የምለቅመውም ጠፋኝ።

ከሰዓት መሠረት ከኮምቦልቻ እየበረረች መጣች። ግቢው ውስጥ ቆመን "ይቅርብሽ፣ እንሰርዘው" ስትለኝ አይሆንም አልኩ፣ ለቅሶም መጣብኝ። እሷም በንዴት "እኔ ነኝ እንዴ ለሙሄ ብዬ ከተማ የማስሮጠው?" አለች። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ስገባ ሙሄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። "እኔን ለመደበቅ ሁለት መቶ ሰው ጠራሽ?" አለኝ። ልክ እሱ እንዳለው ነበር።

ዓርብ

ሙሄ አያናግረኝም። ሻይ አቀረብኩለት፣ ቀዝቅዞ አነሳሁት።

ጠዋት በቤንዚንና በጨርቅ ቀለሙን ሳስለቅቅ አረፈድኩ። ከቆርቆሮ ላይ ይለቃል፣ ከግንብ ላይ ግን ደብዝዞ ይቀራል። እጄ ተላጠ። አንዳንዱ በሩን ከፍቶ አይቶኝ መልሶ ይዘጋል። ሰላምታዬን የመለሱልኝ ሁለት ቤት ብቻ ናቸው። በዚህ ሰፈር አርባ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፣ የግማሾቹን ልጆች ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ መስጊዱ አጥር ሥር ተቀምጠው አስጠሩኝ። መሠረት አብራኝ ሄደች፣ በትላንቱ ተጸጽታ ዓይኗ አብጧል። ሐጂ እንድሪስ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

"ይህ ነገር የወጣው ከማን ቤት ነው?" አሉ።

"ከኔ ቤት ነው፣ ሐጂ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።"

"አባወራው የት አለ?"

"ታሟል። እርስዎም ያውቃሉ።"

"ታሞ ነው ከቤት የቀረ ወይስ ከቤት ቀርቶ ነው የታመመ?"

ፍርዳቸውን ሰጡ፤ ነገ ሙሄ ራሱ አሥራ አንዱም ደጃፍ እየሄደ አውፍ ይበል። ሰው ቤቱ ይፈርሳል ብሎ ደንግጧልና በሰው ተልኮ የሚመጣ ይቅርታ አንቀበልም አሉ። በሱ ፈንታ ወንድሜ ይምጣ ብዬ ለመንኩ። "ባል እያለሽ?" አሉኝ። ሙሄ እግሩ እንደማይችል ነገርኳቸው። "እንግዲህ አላህ ያግራለት" ብለው ተነሱ።

መሠረት መንገድ ላይ እጄን ይዛ "ጦይብዬ፣ አብሽሪ፣ ይቅርና ሌላ ዓመት እናደርገዋለን" ትለኛለች። ሌላ ዓመት እግሩ ምን ሆኖ ሊጠብቀኝ ነው?

ለሙሄ ነገርኩት። አጠገቡ ተቀምጬ ሐጂ ያሉትን አንድም ሳላስቀር፣ የከፋውንም ጭምር። ተኝቷል ወይስ ይሰማል አላውቅም። ፊቱ ወደ ግድግዳው ነበር። ምን አደረግኩ? በሰው ፊት እንዳይታይ ብዬ የተነሳሁት ሴትዮ፣ አሥራ አንድ ደጃፍ ለብቻው ቆሞ እንዲታይ አስፈረድኩበት። ከነገ በኋላ ጭራሽ ከአልጋውም ባይነሳ አልፈርድበትም።

ቅዳሜ

"ጫማዬ የት ነው?" አለ።

አልጋ ሥር ነበር፣ አቧራ ለብሶ። ላስርለት ስጎነበስ እጄን ገፋው። ሁለቱን ክር ለማሰር የፈጀበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከዚያ ከዘራውን ያዘ፣ ሐኪሙ ሲያዝለት አልነካም ብሎት የነበረውን ከዘራ፣ እና በሩን አልፎ ወጣ። እኔ ሻርፔን እንኳ በወጉ ሳልለብስ ተከተልኩት።

የመጀመሪያው ደጃፍ። አንኳኳ። "አሰላሙ አለይኩም። ከቤቴ ለወጣ ጥፋት አውፍ በሉን።" ሰውየው እግሩን አየ፣ ከዘራውን አየ፣ እኔን አየ። "አውፍ ብለናል" አለ፣ በጥድፊያ። ሁለተኛው እንዲሁ። ሦስተኛው ቤት ውሃ ሰጡት፣ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ፣ አላበሰውም። መንገደኛ ቆሞ ያያል። እኔ በመንገደኛውና በሱ መካከል እየገባሁ እሄዳለሁ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ።

"ምን ያሽከረክርሻል?" አለኝ። ጫማውን ከጠየቀኝ ወዲህ ለኔ የመጀመሪያ ቃሉ። "ከኋላዬ ሁኚ።"

አፈርኩ። በሱ አይደለም፣ በራሴ። ስምንት ወር ሙሉ እሱ ተደበቀ እያልኩ ሳማርር መጋረጃውን የማወርደው እኔ ነበርኩ።

አምስተኛው ቤት የእትዬ ዘምዘም ነው። በሩን ከፍተው ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። "ሙሄ ነህ? ሞተ ብለውኝ ነበር እኮ። ፋቲሃም አድርጌልህ ነበር።"

"አልባከነም እትዬ፣ ያስቀምጡልኝ" አለ፣ ሳቀም። ሲስቅ አፉ በአንድ በኩል ይጣመማል። ረስቼው ነበር።

ከሳቸው ቤት በኋላ ያለው ዳገት ግን ገደለን። መሃሉ ላይ እግሩ እምቢ አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ላቡ ባገጩ ይንጠባጠባል፣ ጉልበቱ ብቻውን ይዘላል። ባጃጅ ነጂ አውቆት ቆመና "ሙሄ፣ ግባ ላድርስህ" አለው። እኔም ለመንኩት። ወላሂ ይበቃል አልኩት፣ ሩጫውም ይቅር፣ ሐጂም ይቅርባቸው። እዚያው ድንጋይ ላይ የሚሞትብኝ መሰለኝ። ባጃጁን አመስግኖ ሸኘው። ቆይቶ ቆይቶ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ በየደጃፉ ግንቡን ተደግፎ ነበር የሚናገረው።

አሥራ አንደኛው የሐጂ እንድሪስ። ማድቤቱ ሰማይ ያያል፣ ቆርቆሮው አጥር ተደግፏል። ሙሄ "ሐጂ፣ አውፍ በሉኝ። ቆርቆሮውን የሚመታ ሰው እኔ አመጣለሁ" አላቸው። ሐጂ ክንዱን ይዘው ራሳቸው አስቀመጡት። "አውፍ ብያለሁ። እኔንም አውፍ በለኝ" አሉት። ወደኔ ዞረው "ለቀበሌው ሰው እልካለሁ፣ ሩጡ። ቀለም ግን እንዳላይ" አሉ።

በባጃጅ ተመለስን። ሳይበላ ተኛ። ሰይድ ስልኩን ከፍቶ ደወለ፣ አፍሮ መናገር አቅቶታል። "በቀለሙ ፈንታ ተማሪዎቼን መታጠፊያው ላይ አቆማለሁ" አለኝ። መሠረት ለመዘምራኑ ቀርቷል ብላ ነበር፣ አሁን ደግሞ ኑ ትላለች። ማን እንደሚመጣ እንጃ።

እሑድ

እግሩ አብጧል። ከጉልበቱ በታች ጭኑን ያክላል፣ መቆም አልቻለም። የገደልኩት መሰለኝ። ክሊኒክ እንሂድ ስለው "እረፍት ነው የሚፈልገው፣ ነገም ካበጠ እንሄዳለን" አለኝ። ለመሠረት ደውዬ ያለኔ ጀምሩ አልኳት። ቁጥሮቹን ጎረቤቴ አደረሰችልኝ። አንድ መቶ አሥራ ስምንት ሰፍቼ ነበር። ስንት ሰው መጣ ስላት መሠረት "አትጠይቂኝ" አለች፣ ቆይታ ግን "ሃምሳ ይሆናል፣ ቁጥር ሰባም አለ" አለችኝ።

እዚህ ሆኜ እግሩን በጥቁር አዝሙድ ዘይት አሸዋለሁ። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ በታችኛው መንገድ የሰው ድምፅ መጣ፣ ፊሽካ፣ የመዘምራኑ ጭብጨባ። በሩን ክፈቺው አለኝ። ከፈትኩት። ድምፁ እስኪርቅ አዳመጥነው። አብሯቸው ሊሆን ይችል ነበር። ስድስት ቀን የደከምኩት ለዚህ አልነበረም።

"ዳገቱ ልክ አይደለም" አለ።

"የቱ ዳገት?"

"ከእትዬ ዘምዘም ቤት በላይ ያለው። በዚያ ሰው አይወሰድም፣ ለእግር ክፉ ነው። በወፍጮ ቤቱ በኩል ነበር ማዞር የነበረባችሁ። ለሚቀጥለው በዚያ አድርጉት።"

በወፍጮ ቤቱ በኩል ያለውን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። "መንገዱን አላውቀውም" አልኩት።

"እብጠቱ ይጉደልና አሳይሻለሁ" አለ።

እሺ አልኩት። እብጠቱ እስካሁን አልጎደለም። ዘይቱ አልቋል፣ ሌላ ልገዛ ልወጣ ነው።