ቅዳሜ የተሸነፍነው የእሁድ ዋንጫ

ለተከበሩት አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ክረምቱን እንዴት ያዙት? ጉልበትዎ በዚህ ዝናብ እንዴት አደረገዎት? የእማዬ ሳልስ ተሻላት? እንሰቱን ውሃ አልተኛበትም? እኛ በአላህ ፈቃድ ደህና ነን፤ ሱቁም ይሠራል። እኔ ግን ድካም በርትቶብኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ሦስት ቀን ሳመነታ ከርሜ ነው።

ወንድሜ ሙናዊር ዋንጫው እስኪያልቅ ኳሱን ይጫወት፣ ክለብ ካልወሰደው ግን ሱቅ ይግባ ብለው የወሰኑትን አልረሳሁም። ዋንጫው እሁድ አለቀ። ለፍጻሜ ደርሰን በሲኒማ ራስ ልጆች ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። እሱን ሊያይ የመጣው የክለብ ሰውም ሳያናግረው ሄደ። ከመፍረድዎ በፊት ግን እንዴት እንደሆነ ከእኔ ይስሙ።

የጭድ ተራን ቡድን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ሲኒማ ራሶችን ሦስት ጊዜ ከተመልካች መሃል ሆኜ አጥንቻቸዋለሁ። ኳሳቸው ሁሉ የሚሄደው በግራ መስመር ለሚሮጥ አንድ ቀጭን ልጅ መሆኑን፣ በረኛቸውም ከላይ የሚመጣ ኳስ እንደሚፈራ ማስታወሻዬ ላይ አስፍሬ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ፣ ሱቅ ሳይከፈት፣ ሙናዊርን ያንን ሯጭ መዝጋት፣ ሌሎቹን የማዕዘን ምት በጭንቅላት መግጨት አለማመድኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት የብርድ ልብስ ጭነት መጣልኝ። ሰማዩ ጠቁሯል። ወዛደሮቹ ጥድፊያዬን አይተው ዋጋ ሰቀሉ። እኔም አሥራ አንድ ጎረምሳ እያለኝ ብዬ ቡድኑን ጠራሁ። ሙናዊር፣ “ጋሼ፣ ነገ እኮ ፍጻሜ ነው፤ እግራችን ይረፍ” አለኝ። አንድ ሰዓት አይፈጅም አልኩት። እስከ መግሪብ ሶላት ፈጀ። አንድም ቦንዳ ሳይረጥብ ገባ፤ አልዋሽዎትም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሁድ እስከ ስልሳኛው ደቂቃ ያሰብኩት ሁሉ ሆነ። ሙናዊር ያንን ቀጭን ልጅ ኳስ አላስነካውም። ከማዕዘን ምትም ቀድመን አገባን። ከዚያ በኋላ ጭቃው በእኛ ልጆች ላይ በረታ። አንዱ ባቱን ይዞ ወደቀ፤ ሌላው ወገቡን ደግፎ ቆመ። ሙናዊርም ሯጩን ከኋላው ሆኖ ማየት ጀመረ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለት ገባብን።

የእነሱ አሠልጣኝ ጋሽ ደመቀ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቅዳሜ ልጆቹን ቤታቸው ሰብስበው ሾርባ ሲያጠጡና ሲያስተኙ ነበር የዋሉት። ሲጨብጡኝ፣ “ሽኩር፣ ዕቅድህ ከእኔ ይሻላል። እግራቸውን ግን ትናንት ጨርሰህ ነው ያመጣኸው” አሉኝ። የራሳችን ደጋፊዎችም ዋንጫውን የበላው ብርድ ልብስ ነው እያሉ በየደጁ ይስቁብኛል።

ሙናዊር ግን ሰኞ ጠዋት ሳልጠራው መጥቶ ሱቁን ጠረገ። ከሳቁ ሁሉ ይበልጥ የከበደኝ ይህ ነው።

አባቴ፣ እሱ ሱቅ ቢገባ የሚጠቀመው ሌላ ሰው ሳይሆን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቃሌን ይመኑኝ። ልጁ አልወደቀም፤ እኔ ነኝ የጣልኩት። አንድ ዓመት ይጨምሩለት። ለሱቁ ሠራተኛ እቀጥራለሁ። በጨዋታ ዋዜማ ጭነት ከመጣም ዝናብ ይምታው።

እማዬን፣ አክስቴ ሐጀራን፣ ጠሃን ከነቤተሰቡ ሰላም ይበሉልኝ። ባለቤቴ ሉብና እጅ ነስታለች፤ ዱዓዎ አይለየን ትላለች። ሙናዊር ይህን መጻፌን አያውቅም። ቢፈቅዱለትም ባይፈቅዱለትም የምነግረው እኔው ነኝ።

ልጅዎ ሽኩር
መርካቶ፣ ጭድ ተራ
ነሐሴ 29 ቀን 1994 ዓ.ም.