የአቦይ ገዛኢ ሰንጢ

ነሐሴ 13

ተመለስኩ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ዘገየ፣ እግሬ አብጧል። ቤቱ አቧራ ብቻ። ውሃ የለም፣ ጀሪካኖቹ ባዶ። ያው መቀሌ፣ ያው ሰሜን ክፍለ ከተማ።

ኣንዶም የሰጠኝን ዕቃ ከሻንጣ አወጣሁ። በጋዜጣ ጠቅልሎ በላስቲክ አስሯታል። ቦሌ ሲሸኘኝ፣ «በእጅሽ እንዳትይዣት፣ ስለት ናት፣ አያሳልፉሽም» ብሎ ራሱ ነው ሻንጣዬ ውስጥ የከተታት። ሰንጢ ናት፣ እዚሁ መቀሌ ሓድነት ሰፈር ለሚኖሩት ለአባቱ ለአቦይ ገዛኢ። የድሮዋ በጦርነቱ ከቤት ዕቃው ጋር ጠፍታባቸው፣ እስከ ዛሬ በለስ የሚልጡት ከጎረቤት በተዋሱት ቢላዋ ነው አለኝ። አልነገራቸውም፤ ድንገት እንድትደርሳቸው ፈልጓል።

«አደራ ሥርጉት።»

ለኔ አደራ ማለት ያስፈልገዋል? ሰው ሳላውቅ እዚህ አገር ስመጣ ቤት የፈለገልኝ፣ ፍራሼን በጀርባው ተሸክሞ ያስገባልኝ እሱ ነው። አዲስ አበባ እስኪዛወር ድረስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቢሮ ነበርን። ወንድሜ ነው በቃ።

ነገ አደርሳታለሁ።

ነሐሴ 14

ዝናብ። ሓድነት ደግሞ ሁለት ታክሲ ነው… ነገ።

ጋዜጣውን ፈታሁት። ለማየት ብቻ!

እንዴት ያለች ዕቃ ናት! እጀታዋ እንጨት ነው፣ ቀይ ዳማ። ስትታጠፍ ከመዳፌ አትበልጥም። ስለቷን በጥፍር ሳብ ሲያደርጓት መጀመሪያ እምቢ ትላለች፣ ከዚያ «ቀጭ!» ብላ ትቆማለች፣ ንቅንቅ የለም። ለመዝጋት ግን ጠጠር ትላለች፣ ጣቴን ልትወስደው ነበር። ለሽማግሌ ጣት አትከብድም? ክብደቷ ደስ ይላል፤ እጅ ውስጥ መኖሯ ይታወቃል። ወረቀት ቆረጥኩባት። ክር ቆረጥኩባት። ደግሞ ወረቀት። ከፈት፣ ዘጋ፣ ከፈት፣ ዘጋ… ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው እኮ። ምን ነካኝ?

መልሼ ጠቀለልኳት። እንደሱ አድርጌ ማሰር ግን አልቻልኩም።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። አሸንዳ ስለሆነ መንገዱ ሁሉ ከበሮና ልጃገረድ ነው፣ ታክሲ የት ይገኛል? (ምክንያት አላጣም፣ እሰይ።)

በር ላይ በለስ ገዛሁ፣ ስድስት ፍሬ። አንድ ቀን ብትልጥ ምን ትሆናለች ብዬ… ሁለቱን ጫፍ ቆረጥ፣ ጀርባውን ሰንጠቅ፣ ልጣጩን ገልበጥ። እንደ ቅቤ ነው የምትገባው። ስድስቱንም ላጥኩ፣ የበላሁት ሁለት ብቻ ነው።

የግቢያችን ወይኒ መጥታ፣ «ውይ ስታምር! ያንቺ ናት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

አዎ! ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። የሰው ናት ብላት ምን እሆን ነበር?

ነሐሴ 19

ሰበርኳት።

የቱና ጣሳ ልከፍትባት። መክፈቻው ጠፋብኝና… ጫፏ ጥፍር ታህል ተቆርጣ ጣሳው ውስጥ ቀረች። ቱናውንም ደፋሁት። ደደብ! ደደብ!

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ኣንዶም።

«አደረስሽልኝ?»

አይ ማለት ነበረብኝ። አራት ፊደል አይሞላም። «አዎ» አልኩት።

«እውነትሽን ነው? ምን አለሽ?»

«…ደስ አላቸው። መረቁኝ።»

ኧረ እግዚኦ። መረቁኝ አልኩት።

ነሐሴ 20

ያልተመረቅኩትን ምርቃት። ይሄ ከሰንጢዋም ይብሳል። እናቴ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ስትል ሰምቼ ያደግኩ ሰው…

ነሐሴ 22

ቢላዋ የሚስል ሰውዬ አለ ተብዬ ወሰድኩለት። አገላብጦ አያትና፣ «ጫፍ አወጣላታለሁ፣ ግን ታጥራለች» አለ። አጠረች። አያስታውቅም አለኝ። ለማያውቃት አዎ። እኔ ግን አውቃታለሁ፣ ቁመቷንም፣ ድምጿንም።

አሁን ባደርሳትስ? ዘጠኝ ቀን ዘግይታ፣ ተሞርዳ? «አደረስኩ» ካልኩ በኋላ? ዝም ብልስ? አይነጋ መስሏት… የሚባለው ለኔ ነው። እሁድ እሁድ ለአባቱ ይደውላል። እሁድ ሁሉም ይታወቃል። ሌባ ልባል ነው።

ነሐሴ 25፣ እሁድ

ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አላየሁም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እንኳ ከበሩ ተመለስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈትኩት። የኣንዶም መልእክት፦

«አባቴን አገኘሁት። ሰንጢዋን በጣም ወዷታል! ስለቷ እንደ ምላጭ ነው፣ ያመጣቻት ልጅም ጨዋ ናት አለኝ። እንዴት እንደሳቀ ብትሰሚው። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ።»

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ሰንጢዋ መሳቢያዬ ውስጥ ናት! አቦይ ገዛኢ በዓይናቸው አላዩዋትም። እኔንም አላዩኝም።

ለምን?

ነሐሴ 26

ሄድኩ።

ሓድነት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ተብዬ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ቀጭን ሽማግሌ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በትልቅ የወጥ ቤት ቢላዋ በለስ ይልጣሉ። አንድ ጣታቸው በጨርቅ ታስሯል።

«ሥርጉት ነሽ?» አሉኝ ገና አፌን ሳልከፍት።

እንግዲህ ምን እላለሁ? ሰንጢዋን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ከፈቷት፣ በአውራ ጣታቸው ስለቷን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«ተሞርዳለች።»

እንባዬ መጣ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ዝናቡን፣ በለሱን፣ ቱናውን፣ «ያንቺ ናት?» «አዎ» ያልኩትን ሳይቀር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። በወጣትነታቸው ደሴ ግንበኛ ነበሩ፣ አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው።

«ደወለና ሰንጢዋ እንዴት ናት አለኝ። የምን ሰንጢ ልለው ነበር። ድምፁን ግን ሰማሁት፣ ጓለይ፣ ልጄ። እንደ ልጅነቱ ነው የሳቀው። በጦርነቱ ስልክ የተዘጋ ጊዜ ይኑር ይሙት ሳላውቅ ስንት ወር ተቀምጫለሁ። አልደረሰኝም ብዬ ያን ሳቅ ላጥፋው?»

«እኔስ… ምን መሰልኩዎት?»

«አንቺማ የታመምሽ መስሎኝ። ማርያም ትማርሽ ብዬ ጸለይኩ።»

ጸለዩልኝ! በሳቸው ሰንጢ በለስ እየላጥኩ፣ የሳቸው ጣት በሰው ቢላዋ ተቆርጦ… ምነው ሰድበው ባባረሩኝ።

«ዛሬውኑ ለኣንዶም ደውዬ እውነቱን እነግረዋለሁ» አልኳቸው።

ሰንጢዋን ቀጭ አድርገው አጠፏት። «ለምን?»

«ሕሊናዬ አላርፍ አለኝ።»

«ያንቺ ሕሊና እንዲያርፍ ልጄ ይዘን? አይሆንም። ዋሸሽ፣ እኔም ዋሸሁ፣ አለቀ። እንዳትነግሪው። አደራ!»

አደራ አሉኝ። እኔን!

ከዚያ ሳቅ አሉ። «መረቁኝ አለችኝ ብሎኛል ኣንዶም። በይ ጎንበስ በይ።» ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ፣ ግማሹ በትግርኛ ነው፣ ሁሉም አልገባኝም። እንዲህ አልቅሼ አላውቅም። ከዚያ በሰንጢዋ አንድ በለስ ልጠው ሰጡኝ።

«ለበለስ ጫፍ ምን ያደርጋል» አሉ።

ጳጉሜን 2

ዛሬም አቦይ ገዛኢ ጋ ነበርኩ። ውሃ ቀዳሁላቸው። ጣታቸው ድኗል።

ለወይኒ ነገርኳት፣ ያቺ ሰንጢ የኔ አልነበረችም ብዬ። «ታዲያ ለምን አዎ አልሽኝ?» አለች።

መስከረም 3

ኣንዶም ለበዓል መጥቷል። ሓድነት ጠሩኝ፣ ምሳ በልተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ለኔ ብለው በአማርኛ ነው የሚያወሩት። አቦይ በለስ ይልጣሉ። ኣንዶም ሰንጢዋን ከእጃቸው ወስዶ ከፈታት፣ ወደ ብርሃን አነሳት።

«አቦይ! ጫፏን ምን ነካት?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቦይ ገዛኢ፣ ቀና ሳይሉ። «ጣሳ ስከፍትባት።»

«ጣሳ! አንተ ደግሞ፣ አዲስ ዕቃ! ወር እንኳ ሳይሞላት? ስንት ቦታ ዞሬ የገዛኋትን?» እየሳቀ ነው፣ ግን ከፍቶታል፣ አውቀዋለሁ። «ለናንተ ጥሩ ነገር አይገዛም!» አላቸው። የሰባ አምስት ዓመቱን ሰው እንደ ልጅ ተቆጣቸው። እሳቸውም እንደ ልጅ አንገታቸውን ደፉ።

«ኣንዶም…» ብዬ ጀመርኩ።

አቦይ ገዛኢ ቀና ብለው አዩኝ። አደራ ያሉኝ ቀን እንዳዩኝ ነው ያዩኝ።

«አቤት?» አለ ኣንዶም።

«…ምንም።»

አቦይ የተላጠውን በለስ ዘረጉልኝ። «ብይ ጓለይ» አሉኝ።

በላሁ።