ግማሽ ራስ የተላጨ ሙሽራ

ሐምሌ 9፣ ጠዋት
መርዶ ነው፣ ደብተሬ። ነጠላሽን አዘቅዝቂ። የእኔ፣ የደብረ ማርቆሱ ፀጉር አስተካካይ የይበልጣል፣ ስም ትናንት ከሰዓት በወጣት ማእከሉ አዳራሽ በድንገት ዐርፏል። የተቀበረውም እዚያው፣ በሳቅ መሃል። ዛሬ ዳቦ ልገዛ ብወጣ ባለሱቋ «ደመና፣ ስንት ልስጥህ?» አትለኝም!

ነገሩ ክርክር ነበር። ለአገሩ መብራት ኒውክሌር ይሻላል ወይስ ፀሐይና ነፋስ? ቲቸር ሐብታሙ በኒውክሌር ወገን። እኔ በፀሐይ። ማን ጋበዘኝ? ማንም። ፀጉር ቤቴ ጣሪያ ላይ ሶላር አለኛ! ተነሥቼ የኒውክሌሩን ዝቃጭ የማን ማሳ ውስጥ ልትቀብሩት ነው አልኩ። ተጨበጨበ። አበጥኩ። እሱ መነጽሩን ጠረገ። ኒውክሌር ክረምት ከበጋ አይልም፣ ነፋስ ቆመ ውሃ ጎደለ አይልም አለ። ቀጥሎ ወደኔ ዞሮ፦ «ሲደምንስ፣ ይበልጣል?»

በሐምሌ። ጎጃም ውስጥ። ከኋላ አንዱ «ደመና!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ት/ቤት ያስጠላኝም የሱ ፊዚክስ ነው። ያንን ትቼለት ነበር። ይሄን አልተውም።

ሐምሌ 10
መልሱ ዛሬ መጣልኝ! የሰው ፂም እየላጨሁ። ኒውክሌሩም ቢሠራ እኮ እኛ ሰፈር የሚደርሰው በዚያው በዘመመው ምሰሶ ነው። ምሰሶው ሲወድቅ ኒውክሌርም ጨለማ ነው። ጮክ ብዬ ተናገርኩት፣ ከነምላጬ። ደንበኛው «ኧረ ጉሮሮዬን!» ብሎ ዘለለ።

ከክርክር በኋላ የመጣ መልስ ምን ይሠራል። ለበቀል ግን አይመሽም።

ሐምሌ 14
ዝናብ። ሕፃናቱ እንኳ ሳልፍ ወደ ሰማይ ያያሉ። ቲቸር የሚኖረው ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ነው። ስፒከሬን ሶላሩ ባትሪ ላይ ሰክቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ቀኑን ሙሉ ዘፈን። ሲደምንም ይጮሃል፣ ስማ! ነገም እደግማለሁ።

ሐምሌ 17
ደስ ይበልሽ። ቲቸር ሊያገባ ነው። ፍቅርተን፣ የይጁቤዋን። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ጎረቤቴ ጋሽ አስማረ ናቸው፣ ልብስ ሰፊው። አባቷ ፍልሰታ ሳይገባ ልጁን በዓይኔ ልየው ብለዋል። ከነገ ወዲያ ይሄዳል። ፀጉሩ የክረምት ሣር ሆኗል። ላክሁበት፦ ለሙሽራ በነፃ።

መጣሁ አለ። መጣህልኝ!

ሐምሌ 18፣ 10 ሰዓት
የቲቸርን ግማሽ ራስ በቶንዶዝ ሙልጭ አድርጌ ስጨርስ ከመጋረጃው ኋላ ያለውን ቆጣሪ በክርኔ ጠቅ። ጸጥ። ወይኔ ቲቸር፣ መብራት ሄደ! መስታወት አቀረብኩለት። በግራ አስተማሪ፣ በቀኝ እንቁላል። ሶላር እንዳለኝ አስታወስኩት፤ ግን ፀሐይ ትበልጣለች ካላልክ አልሰካም። ግራ ቀኙን አየ፣ «ፀሐይ ትበልጣለች» አለ። ሦስት ሰው ሰማ። ከበሮ የለም እንጂ እጨፍር ነበር።

ሰካሁ። ቶንዶዙ ጭጭ። ባትሪው በዘፈኔ አልቋል፣ ፀሐይ ደግሞ ከወጣች ስንት ቀኗ። እሺ ብዬ ወደ ቆጣሪው ሮጥኩ። ቀጭ። ምንም። እንደገና ቀጭ። መብራት የምሩን ሄዷል።

ቲቸር ከወንበሩ ሆኖ በለሆሳስ፦ «ሲደምንስ፣ ይበልጣል?»

በምላጭ ጨረስኩት። ሁሉንም። ሌላ መላ አልነበረም።

ሐምሌ 19፣ ማታ
ምን ሆነ መሰለሽ። ጋሽ አስማረ አሁን ከይጁቤ ገቡ። ቲቸር ደጅ ሲደርስ ለአክብሮት ባርኔጣውን አወለቀ። ቤተ ዘመዱ የተላጨውን ራስ አየ። እናቷ ደረታቸውን መቱ። አባቷ ተነሥተው፦ «ልጄ፣ ማን ሞተብህ?» ማንም አልሞተም፣ መብራት ሄዶ ነው ቢል ማን ይመነው። ለሰርግ ብሎ ሐዘኑን የሚሸሽግ ልጅ ለልጄ አይሆናትም ብለው ቁርጡን ነገሩት። ጋሽ አስማረ ቢምሉም የእሱ ሽማግሌ ናቸው ተባሉ። ፍቅርተ ጓዳ ሆና ታለቅሳለች አሉ።

ሳቄ መጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

በመንገድ ላይ ጋሽ አስማረ እኔን ሲረግሙ ቲቸር ምን አለ? «ይበልጣል ምን ያድርግ፣ መብራት ሄዶበት ነው።» ይበልጣል ነው ያለው። ደመና አላለም። ስለ ቆጣሪው አያውቅም፣ ጅሉ።

ሐምሌ 20፣ ንጋት 12 ሰዓት
ቆርጫለሁ። ይጁቤ እሄዳለሁ። በአፌ ማንም አያምነኝም፣ እኔም ራሴን አላምነውም። ስለዚህ የራሴን ግማሽ ራስ እላጫለሁ፣ ቀኙን፣ ልክ እንደሱ። የፍቅርተ አባት ደጅ ላይ ቆሜ ቆጣሪውን ከነክርኔ እናገራለሁ። ሐዘንተኛ በግማሽ ራሱ አያዝንም። ወይ ይስቃሉ፣ ወይ ዱላ ያነሣሉ። ቢመቱኝም ቲቸር ነፃ ነው።

በቀሌን የተውኩ እንዳይመስልሽ። ሰርጉ ላይ ስፒከሩ የኔ ነው፣ በሶላር። የምሰሶዋንም ነገር እዚያ እነግረዋለሁ፣ በማይክ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ወጥታ ዋለች፣ ይታይሽ! ባትሪው ጢም ብሏል። ቶንዶዙ ይዘምራል። ቀኙ አለቀ። መስታወት ሳይ ምን ትዝ አለኝ፣ መርዶ ብዬ አስጨንቄሽ ነበር። ምን መርዶ አለ። ኒውክሌሩም ፀሐይዋም ባሉበት ናቸው። የኛ ነገር የፀጉር ነገር ነው። ትንሽ ነገር። ይበቅላል። የይጁቤው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ፣ ባርኔጣዬን የት—